ባልተመታ ኳስ ስለ ተመታ ሰው

ለቅዳሜ ጠዋት የወዳጆች ጎልፍ ማኅበር ክቡር ሊቀመንበር፣
እንዲሁም ለጎልፍ ሜዳው ክቡር ሥራ አስኪያጅ (ሁለቱም እርስዎ ስለሆኑ አንድ ፖስታ ይበቃል ብዬ ነው)፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ አንድ ቁጥር እንዲጻፍልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጎንበስ ብለው ኳስ ሲያነሡ ወገብዎን ያዝ እንዳደረገዎ ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ፤ መጎንበስ ያልለመደ ወገብ በድንገት ሲያዙት ማመፁ አይቀርምና ለወደፊቱ ቀስ እያሉ ቢያለማምዱት መልካም ነው። ትከሻዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱም ዓይኖችዎ ደኅና ይሆኑ ዘንድ ምኞቴ ነው።

እርስዎ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት «አንተ የማሽኑ» ብለው ሲጠሩኝ ስለ ኖሩ በስሜ ብጽፍልዎ ማን እንደሆንኩ ላያውቁ ይችላሉ። የሜዳውን ሣር በማሽን የማጭደው ሰውዬ ነኝ። ከሰባት ሳምንት በፊት በዋለው ቅዳሜ ጠዋት ኳስዎ ግራ ዓይኔን ያጠፋው፣ በመጪው ሐሙስ ደግሞ «ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርቷል» ተብዬ ልሰናበት ቀጠሮ የተያዘልኝ እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ወድጄ አይደለም። ሦስት ጊዜ በታሸገ ፖስታ አመልክቼ ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ «ገብቷል» ብላ መልሳኛለች፤ በእርስዎ ዘንድ «ገብቷል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ይህን የሚያነብ ሁሉ ጎልፍ አያውቅምና በአጭሩ ላስረዳ። ጨዋታው ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ ከሩቅ ጉድጓድ ማስገባት ነው፤ በጥቂት ምት ያስገባ ያሸንፋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምት ካርድ ላይ ይቆጠራል። ከመቁጠሩ ሌላ ጨዋታ የለውም። እርስዎና ሦስቱ ወዳጆችዎ ግን፣ ማለትም ጠበቃው፣ የጥርስ ሐኪሙና ሕንፃ ተቋራጩ፣ መቁጠር ወዳጅነትን ያሻክራል ብላችሁ ለራሳችሁ ለቀቅ ያለ ደንብ አወጣችሁ፤ በወርቃማ ቀለምም አስጽፋችሁ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ከመስታወቱ ጎን ሰቀላችሁት። እኔ ወደዚያ ክፍል የምገባው የተዘጋ ቱቦ ለመክፈት ብቻ ነው፤ ቱቦው ግን ዘወትር ስለሚዘጋ ደንቡን በቃሌ አጥንቼዋለሁ።

በመነሻው ላይ የተበላሸ የመጀመሪያ ምት አይቆጠርም፤ እንዳልተመታ ሆኖ ይደገማል። ከጉድጓዱ አንድ ዱላ በማይሞላ ርቀት ላይ የቆመ ኳስ «ገብቷል» ይባላል። ክፉ ቦታ ላይ ያረፈ ኳስ በእጅ ወደ ደኅና ቦታ ይዛወራል። በአንድ ጉድጓድ ከስምንት ምት በላይ አይቆጠርም። በመጨረሻም፣ ዋናው ወዳጅነት ነው። ሁለተኛውን አንቀጽ ባለፈው ዓመት «ዱላው ካጠረ የመቺው ክንድ ይታከላል» በሚል እንዳሻሻላችሁትም አስታውሳለሁ፤ ያን ዕለት እርስዎ ሜዳው ላይ በሆድዎ ተኝተው ክንድዎን ሲዘረጉ ያየሁት ነገር ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻዬን አስቆኛል።

እውነቱን ልናገርና ደንቡን እወደው ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ምንም አይደል» የሚል ስም ያወጣልዎት፣ ምትዎ በተበላሸ ቁጥር «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» እያሉ ሁለተኛ ኳስ ከኪስዎ ስለሚያወጡ ነበር፤ ስሙም የፍቅር ስም ነበር። ሰው በሳምንት አንድ ጠዋት ራሱን ይቅር ቢል ምን ክፋት አለው እያልኩ ለባለቤቴ እነግራት ነበር። ይቅርታው በአራት ሰው ልክ ብቻ የተሰፋ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም። አሁን ስላሳወቁኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. በዚያ ቅዳሜ ከመነሻው በስተቀኝ ከዛፎቹ ሥር ያለው ሣር እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት እንዲታጨድ ያዘዙት እርስዎ ነዎት፤ ከተባለው ሰዓት ቀድመው የመጡትም እርስዎ ነዎት። ስለ ሰዓት አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። ኳስ ወደ ሰው ሲሄድ ጮኾ ማስጠንቀቅ በየትኛውም የጎልፍ ሜዳ ያለ ልማድ ነው። ማሽኔም ቢያረጅ የእርስዎን ድምፅ የሚውጥ አይደለም፤ ከቢሮዎ ሆነው ሻይ ሲያዙ እኔ ከሦስተኛው ጉድጓድ እሰማዎታለሁ። የዚያን ዕለት ግን ኳሱ ከዱላዎ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሲጠመዘዝ እያዩ፣ ከአፍዎ የወጣው ያው የተለመደው «ምንም አይደል» ነበር። ከዚያም ሁለተኛውን ኳስ አስቀመጡ። እኔ በግንባሬ ሣሩ ላይ ተደፍቼ ሳለሁ ያ ሁለተኛው ኳስ መሐል ሜዳውን ሰንጥቆ ሄደ፤ ወዳጆችዎም አጨበጨቡ። ጭብጨባውን ሰምቻለሁ።

፪. ማሽኑ ከነጂው ይልቅ ታታሪ ነውና እኔ ብወድቅም ሥራውን አላቆመም። ቀስ እያለ ቁልቁል ወርዶ ከቢሮዎ መስኮት ሥር የተተከለውን ጽጌረዳ ዳር እስከ ዳር አጨደው። እናንተም ያኔ ሮጣችሁ፤ የሮጣችሁት ግን ወደ ጽጌረዳው ነበር። ማሽን ሰው ሳይኖርበት ሲሄድ ያዩ አራት የተማሩ ሰዎች «ነጂው የታለ?» ብለው ለመጠየቅ ሙሉ አንድ የጽጌረዳ መደብ ያህል ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ጠያቂውም የጥርስ ሐኪሙ ነበር፤ ክፉ ቦታ ላይ ያረፈ በእጅ ይነሣል የሚለውን አንቀጽ በእኔ ላይ የፈጸመው እሱ ብቻ ነውና በዚህ አጋጣሚ አመሰግነዋለሁ። እርስዎ አበባውን በተመለከተ «ከተሰመረለት መስመር ውጭ ነድቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ በማግሥቱ ስለ ጻፉልኝም አመሰግናለሁ፤ ከዕለተ እሑድ እረፍትዎ ቀንሰው መጻፍዎ ለሥራ ያለዎትን ፍቅር ያሳያል።

፫. ሆስፒታል መጥተው ስለ ጠየቁኝ አመሰግናለሁ። አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዘው መጡ፤ ከራስጌዬ ቆሙ፤ በፋሻ የታሸገውን ፊቴን አዩና ምን እንዳሉ መቼም አይረሱትም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ቢረሱት እኔ ላስታውስዎ። «ምንም አይደል» ነበር ያሉት። ወደ ባለቤቴ ዞር ብለውም «እግዜር አንዱን ትቶለታል እኮ» አሏት። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨዋ ስለሆነች እስከ በር ድረስ ሸኘችዎ። ከወጡ በኋላ ብርቱካኑን አንሥታ ለአልጋ ጎረቤቶቼ እያደለች እንዲህ አለች፦ «እኔስ የመጀመሪያው መቀስ አይቆጠርም ብል ኖሮ ይሄኔ ስንቱ እጅጌ ጎዶሎ ለብሶ ይዞር ነበር።»

፬. ከሁሉ ይልቅ ግን የማመሰግነው ስለ ጠበቃው ደብዳቤ ነው። ጉዳቴ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ተብሎ እንዲመዘገብልኝ ባመለከትኩ ጊዜ የመለሰልኝን አንቀጽ ባለቤቴ ስታነብልኝ በመጀመሪያ ያመለጣት መስመር ያለ መስሎኝ ነበር፤ ደግማ አነበበችው። ቃል በቃል እነሆ፦ «በማኅበሩ ደንብ አንቀጽ አንድ መሠረት የተባለው ምት እንዳልተመታ ስለሚቆጠር፣ በተጠቀሰው ሰዓት በሜዳው ላይ የተመታ ኳስ የለም። የተመታ ኳስ በሌለበት ደግሞ በኳስ የተመታ ሠራተኛ ሊኖር አይችልም።» ክቡር ሊቀመንበር፣ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ፣ ይህን ያህል ሰው አይቼ፣ በአንድ «አልተመታም» ኳስንም ሰውንም አንድ ላይ የሚሰርዝ ብዕር አላጋጠመኝም። ሆስፒታሉ በበኩሉ ይህን ደንብ ስላላነበበ «የግራ ዓይን በመመታት ምክንያት ተጎድቶ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል» ብሎ ማኅተም መትቶ ሰጥቶኛል፤ ስለ አለማወቁ ይቅር ይበሉት።

፭. የእርስዎ ምት ባይቆጠርም የእኔ ቀን ተቆጥሯል። የተኛሁበትና ያገገምኩበት ሃያ ሦስት ቀን አንድ ሳይጎድል፣ እሑድ ሳይቀር፣ «ያለ ፈቃድ የቀረበት» ተብሎ ተጽፎልኛል። የመጀመሪያው ቀን ያ ቅዳሜ ራሱ ነው፤ መዝገቡ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሥራ ገበታው ላይ አልተገኘም» ይላል። በሥራ ገበታዬ ላይ ነበርኩ፤ ተዘርሬ ስለ ነበር ነው ያልታየሁት። ከሃያ ሦስተኛው ቀን በኋላ ለሥራ ብመጣም «ጉዳይህ እስኪታይ» ተብዬ ከበር ተመልሻለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ከአሥር ቀን በላይ በተከታታይ የቀረ ሠራተኛ ይሰናበት ስለሚል፣ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቢሮዎ ቀርቤ መሰናበቻዬን እንድቀበል ታዝዣለሁ። ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ይጎዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ዝሆኖች ሲዝናኑ ሣር አጫጁ እንደሚጎዳ ግን የነገረኝ አልነበረም።

እንግዲህ እኔም የማኅበራችሁን ደንብ ከልቤ የማከብር ሰው ነኝና በዚያው ደንብ እንድዳኝ አመለክታለሁ። ከስምንት በላይ አይቆጠርም ተብሏል፤ ስለዚህ ሃያ ሦስቱ ቀኔ ስምንት ይሆናል፤ የመጀመሪያውም ስለማይቆጠር ሰባት ይሆናል፤ በሰባት ቀን ደግሞ ሰው አይሰናበትም። ከጉድጓዱ አንድ ዱላ በማይሞላ ርቀት ያለ እንደገባ ይቆጠራል ተብሏል፤ የሆስፒታሉ ሐኪም ያወጣውን ዓይኔን ካስቀመጠበት ሳህን እስከ ዓይኔ ጉድጓድ ያለው ርቀት ዱላ ቀርቶ አንድ ክንድም አይሞላም ነበር፤ ታዲያ «ገብቷል» ብዬ ሁለት ዓይና ነኝ ልበል? ጠበቃው በዚህ ላይ አስተያየቱን እንዲጽፍልኝ በጉጉት እጠብቃለሁ።

ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። አንድ ምት መቁጠር ምን ይጎዳዎታል? የሚከፍሉት ነገር የለም፤ የሚታሰሩበት ነገር የለም፤ ማንም ሆን ብለው መቱት አላለም። «ሳላየው መታሁት፣ አዝናለሁ» ቢሉኝ ኖሮ፣ ባለቤቴ ትመስክር፣ እኔ ሞኙ «ምንም አይደል» ብዬ መልሼ የማጽናናዎት ነበርኩ። መልሱን ያገኘሁት የጥርስ ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ቤቴ ሲመጣ ነው። ባለቤቴ ጨርቅ ከምትቆርጥበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የቀረበለት ሻይ እስኪቀዘቅዝ በጣቱ ብርጭቆውን እያዞረ፣ ያ ቅዳሜ የዓመቱ የዋንጫ ጨዋታ እንደ ነበረና እርስዎ እሱን በአንድ ምት ብልጫ እንዳሸነፉት ነገረኝ። ያች ያልተመታች ምት ብትቆጠር ኖሮ እኩል ትወጡና ዋንጫውን ስድስት ስድስት ወር ትካፈሉት ነበር።

መሸነፍ እንኳን አይደለም፤ መካፈል ነው። ያንን ዋንጫ አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ ከመሰጠቱ በፊት በአመድና በጨርቅ የማሻሸው እኔ ነኝ፤ ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ተሰንጥቋል፤ ውኃ አይዝም። ለዚያ ቀዳዳ ቆርቆሮ የስድስት ወር ቆይታ ሲባል እኔ የለሁም፣ አልተመታሁም፣ በዚያ ጠዋት አልነበርኩም። ክቡር ሊቀመንበር፣ ለሃያ ሦስት ቀን ሕመሙን ችያለሁ፤ ይህን በሰማሁ ዕለት ግን አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለው እውነት ነው፤ በአንድ ዓይንም ይወርዳል።

ሐኪሙን «ታዲያ ይህን ሐሙስ መጥተው አይናገሩልኝም?» ብዬ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ «ዋናው ወዳጅነት ነው፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ስንቱን ሰው አፉን አስከፍቶ ጥርሱን ከሥሩ ሲነቅል የኖረ ሰው ከገዛ አፉ አንዲት ቃል መንቀል አቃተው። ባለቤቴ ያልተነካውን ሻይ አንሥታ ወሰደች፤ እሱም ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ከሣሩ ላይ ስላነሣኝ አመስግኜዋለሁ፤ መልሶ ስላስቀመጠኝም እንዲሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ከላይ ስለ ስምንትና ስለ ሰባት ቀን የጻፍኩት በጠበቃው ቋንቋ መናገር እንደማያቅተኝ ለማሳየት እንጂ ልቤ አይደለም። የእናንተን ምሕረት አልፈልግም፤ ለቀቅ ያለውን ደንብ ለራሳችሁ ያዙት። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሣር ያጨድኩት በሚቆጠር ልክ ነው፤ ለሜዳው ይህን ያህል፣ ለጉድጓዱ ዙሪያ ይህን ያህል ተብሎ፣ ጣት በማትሞላ ልዩነት ሣሩን ደግሜ እንዳጭድ ያዘዙኝን ጊዜ እርስዎም ያስታውሱታል። ያን ጊዜ አንዱንም «ምንም አይደል» አላሉኝም፤ እኔም እንዲሉኝ አልጠበቅኩም።

የምጠይቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በቢሮዎ ግድግዳ በመስታወት ክፈፍ ከተሰቀለው የዚያ ቅዳሜ ካርድ ላይ፣ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ትይዩ፣ በራስዎ እጅ አንድ ይጨምሩ። አንድ ከተጨመረ ኳሱ ተመትቷል፤ ኳሱ ከተመታ እኔም ተመትቻለሁ፤ እኔ ከተመታሁ ሃያ ሦስቱ ቀን የሕመም ፈቃድ ነው፤ የሕመም ፈቃድ ከሆነ ደግሞ ሐሙስ ወደ ሥራዬ እንጂ ወደ ቢሮዎ የምመጣበት ምክንያት የለም። ማሽኑን በአንድ ዓይን መንዳት እችል እንደሆነ ከተጠራጠሩ ነድቼ ልፈተን፤ መስመሩ ከተጣመመ ራሴ እሰናበታለሁ። እርሳሱን የት እንደሚያስቀምጡት ከረሱ ደግሞ በሁለተኛው መሳቢያ፣ ከላጲሱ አጠገብ ነው፤ ላጲሱ ከእርሳሱ ይገዝፋልና ለማግኘት ብዙ አይቸገሩም።

እምቢ ካሉም እመጣለሁ። ሐሙስ ከሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ጀምሮ ከጽጌረዳው መደብ አጠገብ እቆማለሁ፤ መሰናበቻ ወረቀቱንም በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ እወጣለሁ። እኔ መጎንበስ ለምጃለሁና ወገቤን አያመኝም።

የደንብዎ አክባሪ፣ የዋንጫዎ ወልዋይ፣ የጽጌረዳዎ ጠላት ሆኖ የተመዘገበ፣ በሕግ ፊት ያልተመታ በመስታወት ፊት ግን የተመታ፣ የዘወትር ታዛዥዎ፣

የማሽኑ ሰውዬ

ግልባጭ፦
ለልብስ መቀየሪያው ክፍል፣ ከወርቃማው ደንብ ጎን እንዲለጠፍ
ለጥርስ ሐኪሙ፣ ሻዩ አሁንም እንዳልተጠጣ እንዲያውቀው

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ጠበቃው ይህን ደብዳቤ አንብቦ በስድብ ሊከሰኝ እንደሚችል ስለማውቅ፣ አንድም ክፉ ቃል እንዳይገኝበት ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ በመርፌ ቀዳዳ አሳልፋዋለች። የቀረ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ሠራተኛው ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ «ጋሼ ምንም አይደል» ማለቱን ትቷል፤ አሁን በሜዳው ሁሉ የሚጠሩት «ዓይን አውጣ» እየተባሉ ነው። ለሌላ ሰው ቢባል ስድብ ነበር። ለእርስዎ ግን የሆስፒታሉን ማስረጃ፣ ማኅተም ያለበትን፣ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።